የጨረቃ ዋልታ ክሬተሮች፦ ጉድጓዱ፣ ጥላውና በረዶው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ያሉት ክሬተሮች (የጠፈር አለት መትቶ የቆፈራቸው ጉድጓዶች) በሌላው የጨረቃ ክፍል ካሉት በምን ይለያሉ? ሻክልተን የሚባለው ክሬተር ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው፣ በውስጡ አለ የሚባለው በረዶም ያን ያህል ዘመን ቆይቷል ማለት ነው? ፎቶዎቹንና የከፍታ ካርታዎቹን ራሴ ለማንበብ ብሞክር ምን ላይ ልጠንቀቅ?»

ከመካከለኛው ጥያቄ ልነሣ፤ ሌሎቹ የሚፈቱት በእሱ ነውና። መልሱ «አይደለም» ነው። ጉድጓዱ የራሱ ዕድሜ አለው፤ በውስጡ ያረፈው ጥላ ሌላ ዕድሜ አለው፤ በጥላው ውስጥ የተጠራቀመው በረዶ ደግሞ ሦስተኛ ዕድሜ አለው። ሦስቱ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን ዓመት ይራራቃሉ። ስለ ጨረቃ ዋልታ ከሚነበበው ብዙው ግራ የሚያጋባው ሦስቱን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው ነው።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ዋልታ መሆኑ ምንም ለውጥ አያመጣም። በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚከንፍ የጠፈር አለት ጨረቃን ሲመታ የሚሆነው ነገር በወገቧም በዋልታዋም አንድ ነው። ገና ሲነካ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ወደ መሬቱም ወደ አለቱም ይገባል፤ አለቱ አብዛኛው ይቀልጣል፣ ከፊሉም ይተናል። ሞገዱ አልፎ ግፊቱ ሲላላ የተጨመቀው ድንጋይ ወደ ላይና ወደ ጎን ይፈናጠራል። ያኔ የሚከፈተው ጊዜያዊ ጎድጓዳ ነው እንጂ ዛሬ የምናየው ክሬተር አይደለም። ቀጥሎ ስበት ይመጣል፦ ጎኑ ይናዳል፣ ወለሉ በፍርስራሽና በቀለጠ ድንጋይ ይሞላል፣ ግጭቱ ትልቅ ከነበረም መሃሉ ተመልሶ ይነሣል።

በጨረቃ ላይ እስከ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላቸው ክሬተሮች ተራ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላሉ፤ አዲስ ሳሉ ጥልቀታቸው የስፋታቸው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከዚያ የሰፉት ግድግዳቸው በእርከን ይናዳል፣ ወለላቸው ይደለደላል፣ መሃላቸው ላይ ጉብታ ይቆማል። እጅግ ሲሰፉ ደግሞ ጉብታው ቦታውን ለተራሮች ቀለበት ይለቃል። ሻክልተን ስፋቱ 21 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 4.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በሁለቱ ዓይነቶች ድንበር ላይ ነው የሚገኘው። ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ኖሮም የጥልቀቱና የስፋቱ ንጽጽር አሁንም አንድ አምስተኛ አካባቢ ነው። ይህ በጣም ያልተለመደ ነው። ግድግዳው በአማካይ 30 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፤ ልቅ አፈርና ድንጋይ ሳይንሸራተት ሊቆም ከሚችልበት ጫፍ ብዙም አይርቅም።

ሥነ-ምድር ለሚያጠና ሰው ክሬተር በነጻ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ተቆፍሮ ወደ ውጭ የሚወጣው ድንጋይ ከጊዜያዊው ጎድጓዳ ስፋት አንድ አስረኛ ከሚሆን ጥልቀት የመጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በዚህ ስሌት ሻክልተን እስከ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ያለውን አውጥቶ በዙሪያው በትኗል። ብትንትኑም በዘፈቀደ አይወድቅም፦ ከጥልቁ የወጣው ከጠርዙ አጠገብ ይወድቃል፣ ከላይኛው የተነሣው ራቅ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ ከሩቅ ወደ ጠርዙ የሚጓዝ ሰው ወይም ተሽከርካሪ ድንጋይ እየለቀመ በሄደ ቁጥር ወደ ጥልቁ እየወረደ ነው። ዋልታ አጠገብ የማረፊያ ቦታ ሲመረጥ የክሬተር ጠርዝ ይህን ያህል የሚፈለገው ለብርሃኑ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ የደቡብ ዋልታ ከሰሜኑ የሚለይበት ነገር አለ። የደቡብ ዋልታ የሚገኘው በጨረቃ ላይ ከሚታወቁት የግጭት ገንዳዎች ሁሉ ትልቁ በሆነው፣ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው የሳውዝ ፖል–ኤይትከን ገንዳ ዳርቻ ላይ ነው። የቻይናዋ መንኮራኩር ቻንግኤ-6 በሰኔ 2024 (እዚህም ከዚህ በታችም ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ከዚህ ገንዳ ውስጥ 1,935.3 ግራም ናሙና አምጥታለች፤ በናሙናው ውስጥ በተገኙ የድንጋይ ቁርጥራጮች ላይ የተደረገው ልኬትም ገንዳው የተፈጠረው ከ4.25 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደሆነ አመልክቷል። እንዲህ ያለ ግጭት የጨረቃን ቅርፊት ዘልቆ ከሥር ያለውን በብረትና በማግኒዥየም የበለጸገ ድንጋይ ይበትናል። ስለዚህ በዋልታው ዙሪያ ያለ ትንሽ ክሬተር የሚቆፍረው ንጹሕ ድንጋይ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተበተነ፣ የተሰባበረ፣ ተመልሶ የተጣበቀ ድብልቅ ነው። ብሬሺያ የሚባለው ይኸው ነው። በነሐሴ 2023 በ69 ዲግሪ ደቡብ ያረፈችው የሕንዷ መንኮራኩር ቻንድራያን-3 የለካችው አፈር መሠረቱ አኖርቶሳይት የተባለው ነጣ ያለ የቅርፊት ድንጋይ ሆኖ ማግኒዥየሙ ከሚጠበቀው በዝቶ መገኘቱ ከዚሁ ጋር ይስማማል።

ሽሮዲንገርን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ75 ዲግሪ ደቡብ፣ ከምድር በማይታየው ጎን ያለ፣ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ገንዳ ነው፤ በውስጡም 150 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያካልል የተራራ ቀለበት አለው። ከእሱ የሚነሡ ሁለት ቀጥ ያሉ ሸለቆዎች አሉ፦ አንደኛው 270 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 2.7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት፣ ሁለተኛው 280 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 3.5 ኪሎ ሜትር ጥልቀት አላቸው። እነዚህን የቆፈረ ወንዝ የለም። ከግጭቱ የተወረወሩ አለቶች በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረሩ አንዱ ከሌላው ተከትሎ በአንድ መሥመር ላይ ሲወድቁ፣ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። በ2025 የታተመው ጥናት ከሸለቆዎቹ አቅጣጫ ተነሥቶ የወጣው ፍርስራሽ በአብዛኛው ከዋልታው ወደ ራቀው ወገን እንደተወረወረ አሳይቷል። የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው፦ ዋልታው አጠገብ ያለው እጅግ ጥንታዊ ድንጋይ በሽሮዲንገር ፍርስራሽ በወፍራሙ አልተቀበረም፣ ስለዚህ ለናሙና ቅርብ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ጉድጓዱ ነበር። ዋልታውን ዋልታ የሚያደርገው ግን ብርሃኑ ነው።

የጨረቃ ዛቢያ ያጋደለው 1.54 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የምድር 23.4 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ልክ ዋልታው ላይ የቆመ ታዛቢ የፀሐይን መሃል ከአድማስ ከ1.54 ዲግሪ በላይ ከፍ ብላ አያያትም። የፀሐይ ክብ ግማሽ ስፋት ሩብ ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የላይኛው ጠርዟም ቢሆን ከ1.8 ዲግሪ አያልፍም። በሌላ ቦታ ላለ ክሬተር ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከ90 ላይ ኬክሮሱን ይቀንሱ፣ 1.8 ይደምሩ። 85 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ከሁሉ ከፍ ስትል 6.8 ዲግሪ ናት።

አሁን ክሬተሩን ያስገቡበት። ጥልቀቱ የስፋቱ አንድ አምስተኛ የሆነ ጎድጓዳ ወለል መሃል ላይ ቆመው ወደ ጠርዙ ቀና ቢሉ፣ ጠርዙ 21.8 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ፀሐይ ከዚያ በላይ መውጣት የማትችልበት ኬክሮስ 70 ዲግሪ ይሆናል። ከ70 ዲግሪ ወዲያ ያለ አዲስ ክሬተር እንግዲህ የወለሉ መሃል ለዘለዓለም ጥላ ውስጥ ነው። ያው ክሬተር በዘመናት ብዛት ተሸርሽሮ ጥልቀቱ የስፋቱ አንድ አስረኛ ሲሆን ጠርዙ ወደ 11.3 ዲግሪ ይወርዳል፤ ያኔ መሃሉ ቋሚ ጥላ የሚያገኘው ከ80.5 ዲግሪ ወዲያ ካለ ብቻ ነው። አሥር ዲግሪ ኬክሮስ በጨረቃ ላይ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ክሬተር ሲያረጅ ጥላውም አብሮ ይሟሽሻል፤ ይህን ልብ ይበሉ፣ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። (ስሌቱ የወለሉን መሃል ብቻ ነው የሚመለከተው። ወደ ወገብ በሚቀርበው ግድግዳ ሥር ያለው ጥግ ከዚያ ባነሰ ኬክሮስም ጨልሞ ሊኖር ይችላል።)

በከፍታ ልኬት ላይ በተመሠረተ ስሌት፣ ከ80 ዲግሪ ወዲያ ያለው ቋሚ ጥላ በደቡብ 16,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ በሰሜን 13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደቡቡ የበለጠው በአብዛኛው ወጣ ገባነቱ ስለሚበዛ ነው። ሰሜኑም የራሱ ትላልቅ ክሬተሮች አሉት፤ ፒሪና ሄርሚት ይጠቀሳሉ።

ቀጥሎ ያለው ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፦ ጥላ ያለበት ሁሉ በረዶ የሚይዝ ይመስላል። በረዶን የሚይዘው ቅዝቃዜ ነው እንጂ ጨለማ አይደለም። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል፤ ትነቱም ሙቀት ጥቂት ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። የተለመደው ወሰን 110 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 163 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ በረዶ ለቢሊዮን ዓመት ሊቆይ ይችላል። ጥላ ውስጥ ያለ ወለል ደግሞ ፀሐይን ባያይም ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳ ያያል። ከዚያ ግድግዳ የሚንጸባረቅ ብርሃንና የሚወጣ ሙቀት ወለሉን ያሞቀዋል። ለዚህ ነው ጥልቅ የሆነ ክሬተር የግድ ይበልጥ የማይቀዘቅዘው፤ እንዲያውም በአንድ ኬክሮስ ካሉ ጎድጓዳ ክሬተሮች ጠለቅ ያለው ብዙ ብርሃን ከግድግዳው ስለሚቀበል ጥላው ሞቅ ይላል። ዲቫይነር የተባለው መሣሪያ በ2009 ሄርሚት ክሬተር ውስጥ 26 ኬልቪን ለክቷል፣ ከዜሮ በታች 247 ዲግሪ ማለት ነው። እጅግ የሚቀዘቅዙት ቦታዎች በጥላ ውስጥ ያለ ሌላ ጥላ የሚያገኙ፣ ፀሐይንም ፀሐይ ያረፈበትን ግድግዳም የማያዩ ናቸው፤ ጨለማ ወለል ላይ የተቆፈረ ትንሽ ክሬተር ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

አሁን ወደ ጥላው ዕድሜ። ለእኔ ከርዕሱ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ዛቢያው ሁልጊዜ 1.54 ዲግሪ አልነበረም። ጨረቃ ከምድር እየራቀች ነው፣ ዛሬ በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ስትርቅም የመዞሪያዋ አቅጣጫና የዛቢያዋ ዝንባሌ አብረው ተለውጠዋል። በጥንት ዘመኗ ዛቢያዋ በኃይል ያጋደለበት ወቅት ነበር። ያኔ ዋልታው በጋውን በሙሉ ፀሐይ ያገኝ ስለነበር ዛሬ ጨለማ የሆኑት ወለሎች ይሞቁ ነበር፤ ቀድሞ የተጠራቀመ በረዶ ቢኖርም በዚያ ጊዜ ተንኗል። ከዚያ ወዲህ ዝንባሌው ቀስ እያለ ቀንሶ ጥላዎቹ አንድ በአንድ ተወለዱ፤ መጀመሪያ በዋልታው ጫፍና በጥልቅ ስፍራዎች፣ በኋላም እየሰፉ።

ተመራማሪዎቹ ኖርበርት ሾርጎፈርና ራሉካ ሩፉ በ2023 ይህን ታሪክ ከከፍታ ካርታ ጋር አዋህደው ሲያሰሉት፣ ዛሬ ካሉት ቋሚ ጥላዎች እጅግ ጥንታዊው እንኳ ከ3.4 ቢሊዮን ዓመት እንደማይበልጥ አገኙ። በክሬተር ቆጠራ (ትናንሽ ክሬተሮች የበዙበት ገጽ ያረጀ ነው በሚለው ስሌት) በደቡብ ዋልታ አጠገብ ያሉት የሃዎርዝ፣ የሹሜከርና የፋውስቲኒ ዕድሜ ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይሆናል። እንግዲህ እነዚህ ሦስት ክሬተሮች ከተቆፈሩ በኋላ ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዓመት ያህል ቋሚ ጥላ ሳያገኙ ኖረዋል። በረዶውን ጉድጓዱን የቆፈረው አለት አመጣው የሚለው ሐሳብም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው፦ አምጥቶትም ቢሆን የሚይዘው ቀዝቃዛ ቦታ ገና አልነበረም። ሻክልተን 3.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሚገመት በእሱ ጉድጓዱና ጥላው በዕድሜ ይቀራረባሉ፤ ይህ ግን ገጠመኝ ነው፣ ለሌሎቹ መለኪያ አይሆንም።

ካቤውስ ተቃራኒው ነው። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ክሬተር ነው። ጥቅምት 9 ቀን 2009 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) ናሳ ሴንቶር የተባለውን ባዶ የሮኬት ክፍል፣ 2,300 ኪሎ ግራም ገደማ፣ በሰከንድ 2.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወለሉ ላይ አጋጨው። ኤልክሮስ የተባለችው መንኮራኩር አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ሆና እየተከተለች የተነሣውን አቧራና ተን ለካች፤ ከዚያ እሷም ወደቀች። የተቆፈረው ጉድጓድ 25 እስከ 30 ሜትር የሚሰፋ ነበር። ባዶ በርሜል መሰል ነገር እንደ ጠጣር አለት አይቆፍርም፤ ጉድጓዱ ሳይጠልቅ ይሰፋል፣ ፍርስራሹም ከፊሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። የተፈለገውም ይኸው ነበር፣ አቧራው ወደ ፀሐይ ብርሃን መውጣት ነበረበትና። ውጤቱ ውሃ 5.6 በመቶ በክብደት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2.9። ከውሃው ሌላ አሞኒያ፣ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሜርኩሪ የተባለው ፈሳሽ ብረትም ጭምር ታይቷል። አሁን በ2023ቱ ስሌት ያ የተመታው ቦታ ቋሚ ጥላ ካገኘ 1 ቢሊዮን ዓመት አይሞላውም። በረዶው እንግዲህ በጨረቃ የወጣትነት ዘመን የገባ ሊሆን አይችልም፤ በቅርቡ ዘመን፣ በሥነ-ምድር ሚዛን፣ ከጅራታም ኮከቦች ይሁን ከአስትሮይዶች ወይም ከፀሐይ ነፋስ፣ መግባቱን አላቆመም ማለት ነው። 5.6 በመቶውን ግን ለመላው ካቤውስ፣ ይባስ ብሎም ለመላው ዋልታ የሚያባዙ ሰዎች አሉ። የተለካው አንድ ነጥብ ነው።

ስለ በረዶው የሚነገረውን ሲሰሙ በምን እንደተለካ ይጠይቁ፣ እያንዳንዱ ዘዴ የሚሳሳትበት መንገድ አለውና። ሉናር ፕሮስፔክተር የተባለው የናሳ መንኮራኩር በ1998 የጀመረው የኒውትሮን ልኬት የሚያየው ሃይድሮጂንን ነው፤ የላይኛውን 1 ሜትር ገደማ ያያል፣ ግን በአንድ ጊዜ የሚያካልለው ስፋት በአሥር ኪሎ ሜትሮች ስለሚቆጠር የአንድ ትንሽ ክሬተርን ወለል ለይቶ አያሳይም። ራዳር በረዶን የሚጠረጥረው ተመልሶ በሚመጣው ሞገድ አዟዟር ነው፤ ነገር ግን በአለት የተሞላ ሸካራ መሬት ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል፣ አዲስ ክሬተር ደግሞ አለት አያጣም። በ2018 የታተመው የኢንፍራሬድ ጥናት ከቻንድራያን-1 መረጃ ላይ የገጽ በረዶን በቀጥታ አገኘ፤ ያገኘው ግን ቀዝቃዛ ከሆነው ስፍራ 3.5 በመቶ ያህሉ ላይ ብቻ ነው፣ ያየውም ከላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። የሜርኩሪ ፕላኔት ዋልታ ክሬተሮች በራዳር ሲታዩ በንጹሕ በረዶ ተሞልተው ያበራሉ፤ የጨረቃዎቹ እንደዚያ አይደሉም፣ በረዶአቸው የተበታተነና ከአፈር የተቀላቀለ ነው።

የሻክልተን ግድግዳ ይህን ጥንቃቄ ጥሩ አድርጎ ያስተምራል። የጃፓኗ ካጉያ የወለሉን ፎቶ ከጠርዙ በሚንጸባረቅ ደካማ ብርሃን አንስታ ነበር፤ በ2008 የታተመው ውጤትም በገጹ ላይ ደማቅ የበረዶ ንጣፍ እንደማይታይ ገለጸ። በ2012 የሎላ (ከፍታን በሌዘር የሚለካ የመንኮራኩር መሣሪያ) ልኬት ወለሉ ከአካባቢው ክሬተሮች እንደሚያበራ፣ ግድግዳው ደግሞ ከወለሉም ይበልጥ እንደሚያበራ አሳየ። ብዙዎች «በረዶ!» አሉ። ነገር ግን ግድግዳው ከወለሉ ይሞቃል፤ ብርሃኑ ከበረዶ ቢሆን ኖሮ ወለሉ መብለጥ ነበረበት። የተሻለው ማብራሪያ ቀላል ነው፦ 30 ዲግሪ የሚያዘነብል ግድግዳ ላይ አቧራና ጠጠር ሁልጊዜ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ ቁጥር ገና ያልጠቆረ ትኩስ ድንጋይ ይገለጣል። የወለሉን ድምቀት ግን በጣም ስስ የበረዶ ቅልቅልም፣ ጥላ ውስጥ በመሆኑ ሳይጠቁር የቀረ አፈርም ሊያስረዳው ይችላል።

ወደ ፎቶና ካርታ ንባብ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት የካርታውን ዓይነት ይመልከቱ። አራት ማዕዘን የዓለም ካርታ ዋልታውን ወደ ጎን ይለጥጠዋል፤ 85 ዲግሪ ላይ ያለ ክብ ክሬተር በ11.5 እጥፍ ተጎትቶ ሞላላ ይመስላል። ዋልታውን መሃል ላይ አድርጎ የተሠራ ስቴሪዮግራፊክ ካርታ ይጠቀሙ። ይህን ሳያደርግ «ሞላላ ክሬተር፣ ስለዚህ አግድም የተመታ» ብሎ የሚደመድም አይጠፋም።

ቀጥሎ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ይወቁ። በዋልታው ፀሐይ በአድማስ ዙሪያ ስለምትዞር ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶዎች ብርሃናቸው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ዓይናችን ብርሃን ከላይ እንደሚመጣ ስለሚያስብ፣ ከታች የበራ ጉድጓድ ጉብታ ሆኖ ይታየናል። ጥርጣሬ ሲገባዎ ፎቶውን 180 ዲግሪ አዙሩት፣ ከዚያ ከፍታ ካርታው ላይ አንድ መሥመር ቆርጠው ቁጥሩ ወደ ታች መሄዱን ያረጋግጡ። የጥላ ርዝመትም ያሳስታል፦ ፀሐይ 1.5 ዲግሪ ላይ ስትሆን 1 ሜትር ከፍታ ያለው አለት በደልዳላ መሬት ላይ 38 ሜትር ጥላ ይጥላል። ትንሽ ድንጋይ ስንጥቅ ይመስላል፣ 2 ሜትር የማይጠልቅ ጎድጓዳ ገደል ይመስላል።

ለዋልታ የሚመረጠው የከፍታ መረጃ የሎላ ነው። ሎላን የተሸከመችው መንኮራኩር ሉናር ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር ከ2009 ጀምሮ ዋልታ ለዋልታ ስለምትዞር የሌዘር መሥመሮቿ ዋልታው ላይ ይገጣጠማሉ፤ ስለዚህ ከ87 ዲግሪ ወዲያ እስከ 5 ሜትር በነጥብ የደረሰ ካርታ አለ። ግን በመሥመሮች መካከል ያለው ክፍተት የተሞላው በግምት ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ወደ ዋልታው የሚያመራ ሸንተረር ካዩ ሸንተረር አይደለም፣ የአንድ ዙር ልኬት ከጎረቤቱ ጥቂት ሜትር ተዛብቶ ነው። የተዳፋት ስሌትዎን ያንን ሳያስወግዱ ከሠሩት ሐሰተኛ ገደል ይወጣልዎታል።

ዕድሜ በክሬተር ቆጠራ ለመገመት ካሰቡ፣ ወለሉን ወይም በዙሪያው ያለውን የፍርስራሽ ምንጣፍ ይከልሉ፣ ስፋቱን በካሬ ኪሎ ሜትር ይለኩ፣ ከዚያ በውስጡ ያሉትን ትናንሽ ክሬተሮች በየስፋታቸው ይቁጠሩ። ቁጥሩ ወደ ዕድሜ የሚለወጠው ከጨረቃ በመጡ፣ ዕድሜአቸው በቤተ ሙከራ በተለካ ናሙናዎች በተስተካከለ ኩርባ ነው። ግድግዳውን አይቁጠሩ፤ ተዳፋት ላይ ያሉ ትናንሽ ክሬተሮች በሚንሸራተተው አፈር ስለሚደፈኑ ቦታው ከእውነቱ ወጣት ይመስላል። በሰንሰለት ወይም በመንጋ የተደረደሩ፣ ያልጠለቁና ሞላላ የሆኑትንም ይተዉ፤ ከሌላ ክሬተር ተወርውረው የመጡ አለቶች የሠሯቸው ናቸው፣ ከተቆጠሩ ቦታውን ያስረጁታል። ጥላ ያለበት ክፍል በተራ ፎቶ ባዶ ስለሚመስል ብቻ ክሬተር የለውም ብሎ ማለፍ ሦስተኛው ወጥመድ ነው፤ እዚያ ላይ ከከፍታ ካርታ የተሠራ ሰው ሠራሽ ብርሃን ከአራት አቅጣጫ አብርተው ይቁጠሩ፣ ወይም በ2022 በተመጠቀችው የኮሪያዋ ዳኑሪ ላይ ያለው ሻዶውካም በሚንጸባረቅ ብርሃን ያነሣቸውን ፎቶዎች ይጠቀሙ። የቁጥር ማነስንም አይርሱ፦ 16 ክሬተር ከቆጠሩ የቆጠራው ስሕተት ብቻውን 4 ነው፣ ሩቡ ማለት ነው። ከዚያ የሚወጣውን ዕድሜ «3.52» ብሎ በሁለት አኃዝ ነጥብ መጻፍ አይገባም።

ቆጠራው የሚሰጥዎት የጉድጓዱን ዕድሜ ብቻ ነው። የጥላውን ለማወቅ ያንኑ የከፍታ ካርታ ወስደው ዝንባሌውን ከ1.54 ወደ 2፣ ወደ 4፣ ወደ 8 ዲግሪ እያሳደጉ በእያንዳንዱ ላይ የትኛው ነጥብ ብርሃን እንደሚያገኝ ያስሉ። በ2 ዲግሪ ብርሃን የሚያገኝ ነጥብ ጥላው ልጅ ነው፤ በ8 ዲግሪም የማይነካው ሽማግሌ ነው። ክሬተሩ ያኔ ከዛሬው ይጠልቅ ስለነበር ውጤትዎ ወደ ወጣትነት በጥቂቱ ያዘነብላል፤ በተለይ ጠርዙ በተሸረሸረ አሮጌ ክሬተር ላይ።